«አውሬዎቹ ያሉበት ስፍራ»፤ ሕፃናትን ስለሚያስፈራና ስለሚያስደስት አንድ የሥዕል መጽሐፍ

ሕፃንን በማስፈራራት ማሳደግ በየአገሩ የቈየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ቤት ልጁ አልተኛም ብሎ ሲያስቸግር «ጅቡ መጣልህ፤ ዝም በል» ይባላል፤ ይህም ያልበቃ እንደ ሆነ ጭራቅ ይጠራበታል። በጀርመን አገርም በ19ኛው መቶ ዓመት ልጆችን በሐኪምና በጭስ ማውጫ ጠራጊ ያስፈራሩ ነበር፤ ሐኪሙ መራራ መድኃኒት ያጠጣሃል፥ ጠራጊው ይዞህ ይሄዳል እያሉ። ይህ ዐይነት ፍርሃት የሚያገለግለው የሚያስፈራራውን ሰው ነው እንጂ የሚፈራውን ልጅ አይደለም። ልጁ ዝም ይላል፥ ቤቱም ጸጥ ይላል፤ ፍርሃቱ ግን ወዴት እንደ ገባ፥ በሌሊትስ በምን መልክ እንደሚመለስ የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) «አውሬዎቹ ያሉበት ስፍራ» ብሎ ያሳተመው ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ የተነሣ ነው። መጽሐፉ ያስፈራል፤ ያስፈራም ዘንድ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ዳሩ ግን ልጆች ከእርሱ ከመሸሽ ይልቅ ይደገምልን እያሉ ወላጆቻቸውን የሚያስቸግሩበት መጽሐፍ ሆኖ ከ60 ዓመት በላይ ኖሮአል፤ ከ19 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጦአል። ሕፃን የሚያስፈራውን ነገር ደጋግሞ ሊያይ የሚወድበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው ፍርሃቱ በማን እጅ እንደ ተሰጠ በመመልከት ነው።

ነገሩን ለይቶ ለማየት ከሴንዳክ መጽሐፍ አስቀድሞ በአውሮፓ እጅግ የታወቀውን አስፈሪ የሕፃናት መጽሐፍ ማስተያየት ይጠቅማል። ሃይንሪሽ ሆፍማን የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም በ1844 ዓ.ም. የልደት በዓል ሲቃረብ ለሦስት ዓመት ልጁ የሥዕል መጽሐፍ ሊገዛ ወደ ገበያ ወጣ። ያገኛቸው መጻሕፍት ሁሉ ረጅም ተግሣጽ ብቻ የሞላባቸው ሆነው ስላላስደሰቱት ባዶ ደብተር ገዝቶ ተመለሰ፤ ግጥሙንም ሥዕሉንም ራሱ ሠራ። በሚመጣው ዓመት ታተመ፤ ኋላም «ሽትሩቬልፔተር» ተባለ፤ ትርጓሜውም ጠጕሩ የተንጨባረረ ጴጥሮስ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አውራ ጣቱን መጥባት የማይተው ኮንራድ የሚባል ልጅ አለ፤ እናቱ ከቤት በወጣች ጊዜ ትልቅ መቀስ የያዘ ልብስ ሰፊ ዘሎ ገብቶ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ይቈርጣቸዋል። በክብሪት የምትጫወተው ፓውሊና ደግሞ ጫማዋ ብቻ ሲቀር ነድዳ ዐመድ ትሆናለች፤ ያስጠነቀቁዋት ሁለት ድመቶችም በዐመዱ አጠገብ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሾርባ አልፈልግም ያለው ልጅ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ በአምስተኛው ቀን ይሞታል።

በሆፍማን ላይ በችኰላ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ሰውዬው ልጆችን የሚወድ ሐኪም ነበረ፤ በሐኪም ስም ተፈራርተው የሚያለቅሱትን ሕሙማን ሕፃናት ከወረቀት ላይ ቶሎ ቶሎ ሥዕል እየሣለ ጸጥ ያደርጋቸው እንደ ነበር ራሱ ጽፎአል። ሥዕሉም ቀልደኛ ነው፤ የመቀሱ መጠን ከልብስ ሰፊው እግር ጋራ ሲተያይ ማንም ይሥቃል። ታላቁ የአሜሪካ ደራሲ ማርክ ትዌይን እንኳ በ1891 ዓ.ም. በርሊን ሳለ በእንግሊዝኛ ግጥም ተርጕሞታል። ነገር ግን በሆፍማን መጽሐፍ ፍርሃት ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል፥ ሁልጊዜም በበዳዩ ልጅ ላይ ይወርዳል። ኮንራድ ከልብስ ሰፊው ጋራ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ መቀሱ ከመጣ በኋላ ታሪኩ አለቀ። ሕፃኑ አንባቢ የሚሥቀው ኮንራድ ራሱ ስላልሆነ ነው። ጣቱን የሚጠባ ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሣቁ ይቀራል፤ በጀርመንና በሌላም አገር ያደጉ ብዙ ሰዎች ያንን መቀስ እስከ ሽምግልና ያስታውሱታል። እንግዲህ ጅቡ በመጽሐፍ ተጽፎ፥ በቀለምም አጊጦ ወጣ እንጂ ያው ጅብ ነው።

ሴንዳክ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1928 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። በልጅነቱ ሕመምተኛ ስለ ነበረ ብዙውን ጊዜ በአልጋ ላይ ሆኖ በመስኮት መንገዱን ይመለከት ነበር። በ1932 ዓ.ም. የዝነኛው አውሮፕላን ነጂ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ከአልጋው ተሰርቆ ተገደለ፤ ሴንዳክ ያን ጊዜ አራት ዓመት አልሞላውም ነበርና ከባለጸጋ ቤት ሕፃን የሚሰረቅ ከሆነ የድኻ ልጅማ ምን መጠጊያ አለው የሚል ፍርሃት አደረበት፤ እስኪያረጅም አልተወውም። በአውሮፓ የቀሩት ዘመዶቹም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተፈጁ፤ የወላጆቹ ኀዘን በቤቱ ውስጥ እንደ አንድ ሰው ይኖር ነበር። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ልጅነት ሥጋትና ጭንቀት የሌለበት ዘመን ነው የሚለውን የአዋቂዎች ወሬ ሊቀበል አልቻለም። ልጆች አዋቂዎች እንደሚያስቡት ሳይሆን ከዚያ የበለጠ እንደሚያውቁ፥ የሚያውቁትንም ወላጆቻቸው እንዳይደነግጡ እንደሚደብቁ ያምን ነበር።

የመጽሐፉ አወላለድ ራሱ የሚያስገርም ነው። በ1955 ዓ.ም. ሲጀምረው ስለ ዱር ፈረሶች ሊጽፍ ነበር አሳቡ፤ ነገር ግን ፈረስ መሣል አልሆነለትም። ሃርፐር በሚባለው ማተሚያ ቤት የሕፃናት መጻሕፍት ኀላፊ የነበረችው ኡርሱላ ኖርድስትሮም እንግዲያስ ምን መሣል ትችላለህ ብላ በጠየቀችው ጊዜ ፈረሱን ትቶ ወደ ሌላ ፍጥረት ዞረ። ያንን ፍጥረት ለመሣል ሲቀመጥ የመጡለት በልጅነቱ በሰንበት ቀን ምሳ ሊበሉ ይመጡ የነበሩት አክስቶቹና አጎቶቹ ነበሩ። ጥርሳቸው የተበላሸ፥ ከአፍንጫቸው ጠጕር የወጣ፥ ዐይናቸው የቀላ ሆነው ፊቱ ላይ ይደፉበት፥ ጕንጩንም ይቈነጥጡት ነበር። ምግቡ የዘገየ እንደ ሆነ በአፋቸው እንበላሃለን ይሉታል፤ እርሱም ይበሉኛል ብሎ ይፈራቸው ነበር። አውሬዎቹ እነዚህ ናቸው። የስማቸውም ሥር ከቤቱ ነው፤ ወላጆቹ በሚናገሩት በይዲሽ ቋንቋ ያስቸገረ ልጅ የዱር አውሬ ተብሎ ይጠራልና። በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለይዲሹ ይቀርባል፤ ዕቃ የሰበረን ልጅ «አንተ አውሬ!» ብላ የምትቈጣ እናት የመጽሐፉን አርእስት ያለ አስተርጓሚ ታውቀዋለች።

ታሪኩ አጭር ነው። ማክስ የሚባል ልጅ አንድ ማታ የተኵላ ልብስ ለብሶ በቤት ውስጥ ያውካል። እናቱ አውሬ ብላ ትጠራዋለች፤ እርሱም እበላሻለሁ ብሎ ይመልስላታል፤ ስለዚህ እራቱን ሳይበላ ወደ መኝታ ክፍሉ ይሰደዳል። በዚያች ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል፤ ግድግዳው ይጠፋል፤ ባሕርም ይመጣል፤ ማክስ በታንኳ ተሳፍሮ አንድ ዓመት ያህል ተጕዞ አውሬዎቹ ወዳሉበት ስፍራ ይደርሳል። እነርሱም እያገሡ፥ ጥርሳቸውን እያፋጩ፥ ዐይናቸውን እያንከባለሉና ጥፍራቸውን እያወጡ ይቀበሉታል። ማክስ ግን ዝም በሉ ብሎ ያዛቸዋል፤ ቢጫ ዐይኖቻቸውንም ሳይጨፍን ትክ ብሎ በማየት ይገዛቸዋል። ያነግሡታል፤ አብሮአቸው ይጨፍራል፤ ከዚያም እርሱ ራሱ በተራው እራት ሳያበላ ወደ መኝታ ይሰዳቸዋል። ዳሩ ግን ንጉሡ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ ከሩቅም የምግብ ሽታ ይሸተዋል። እባክህ አትሂድ፥ ስለምንወድህ እንበላሃለን ቢሉትም እንቢ ብሎ በታንኳው ተመልሶ ክፍሉ ሲደርስ እራቱ ተቀምጦ ይቈየዋል።

ይህን ሁሉ ደራሲው የተናገረው 340 በማይሞሉ ቃላትና በ18 ሥዕሎች ነው። የመጽሐፉ ብልሃት ያለው በሥዕሉ መጠን ላይ ስለ ሆነ ገጹን እየገለጡ በዝግታ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሥዕል ትንሽ ነው፤ በዙሪያው ሰፊ ነጭ ወረቀት ከቦት ማክስ ግድግዳውን በትልቅ መዶሻ ሲመታ ይታያል። ሁለተኛው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ማክስ ሹካ ይዞ ውሻውን እያሳደደ ከደረጃ ይወርዳል። በዚሁ ሥዕል በግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎአል፤ በወረቀቱም ላይ ማክስ የሣለው የአውሬ ፊት አለ፥ የልጁም ስም ተጽፎበታል። ችኩል አንባቢ ይህን አያየውም፤ ልጆች ግን ያዩታል። አውሬው ከሩቅ ደሴት የመጣ ሳይሆን ከልጁ እጅ የወጣ መሆኑ ገና ጕዞው ሳይጀመር በዚህ ተገልጦአል።

ልጁ ወደ ክፍሉ ከተሰደደ በኋላ ሥዕሉ ከገጽ ወደ ገጽ ይሰፋል። የአልጋው እግር ግንድ ይሆናል፤ ነጩ ጠርዝ በቅጠል ይበላል፤ ደኑ ሲመላም ገጹ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ባሕሩ ሲመጣ ሥዕሉ ከቀኝ ገጽ ተርፎ ወደ ግራው ይሻገራል። አውሬዎቹ በታዩ ጊዜ ሁለቱን ገጽ ይይዛል፤ ጽሕፈቱም ከግርጌ ባለች ጠባብ ስፍራ ተጨንቆ ይቀራል። ከዚያ ማክስ ጭፈራው ይጀመር ብሎ ያዝዛል፤ በዚያን ጊዜ ቃል ፈጽሞ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ገጽ ሲገለጥ አንድ ፊደል እንኳ የለም፤ አውሬዎቹ በጨረቃ ያገሣሉ፥ በዛፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፥ ማክስንም በጀርባቸው ተሸክመው ይሰለፋሉ። ጽሕፈት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ተግሣጽም ትእዛዝም የሚመጣው በቃል ነው። ሴንዳክ ቃሉን ከገጹ ባወጣ ጊዜ አዋቂውን ከክፍሉ ማውጣቱ ነው። ቍጣ እጅግ በበረታበት ሰዓት ልጅ የሚናገረው ቃል እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ያለ ገጽ ሊሠራ ይችላል።

ከጭፈራው በኋላ ቃል ይመለሳል፤ ሥዕሉም ያፈገፍጋል። ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ትንሽነት አይመለስም። ማክስ በመጨረሻ የገባበት ክፍል ያው አልጋና ያው መስኮት ያለበት ሲሆን ሥዕሉ የቀኙን ገጽ በሙሉ ይዞአል፤ ነጩም ጠርዝ የለም። በመስኮቱም ሲሄድ ጎዶሎ የነበረችው ጨረቃ ሲመለስ ሙሉ ናት። ታሪኩ የአንድ ሌሊት ነው ቢባል ይህ ስሕተት ይሆን ነበር፤ ሠዓሊው ግን የሰዓትን ሒሳብ ሳይሆን የልጁን ዕድገት እየቈጠረ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ገጽ ይቀራል፤ በእርሱም ላይ ምንም ሥዕል የለም። ምግቡ እንዳልቀዘቀዘ የምትናገር አንዲት አጭር ሐረግ ብቻ በባዶው ወረቀት ላይ ተቀምጣለች። እስከዚያ ድረስ በዐይኑ ሲበላ የነበረው ልጅ በዚች ገጽ በጆሮው ብቻ ይሰማል።

የአሣሣሉም ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። መስመሩ በቀጭን ብዕር እርስ በርሱ እየተላለፈ የተሠራ ነው፤ ከሥሩም ለስለስ ያለ ቀለም ተቀብቶአል፤ የ19ኛውን መቶ ዓመት የመጻሕፍት ሠዓሊዎች በትጋት እንዳጠና ያስታውቃል። አውሬዎቹ ቀንድና ጥፍር አላቸው፤ ነገር ግን ሆዳቸው ክብ፥ እግራቸው አጭር፥ ራሳቸውም ከመጠን በላይ ትልቅ ነው፤ እንደ ሕፃን ተደርገው የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። በሬ የሚመስለው አውሬ የሰው እግር አለው፤ ባዶ እግሩን ተኝቶም በሽፋኑ ላይ ይታያል። ማንም ልጅ ይህን ባዶ እግር አይቶ አውሬውን በሙሉ ልቡ ሊፈራው አይችልም። የፍርሃቱ ልክ እንዲህ በጥንቃቄ ተመጥኖአል፤ ጥርሱ ያስደነግጣል፥ እግሩ ያሥቃል።

ቃሉም እንደ ሥዕሉ የተመጠነ ነው። አውሬዎቹ ማክስን ሲቀበሉት የሚያደርጉት ማገሣትና ጥርስ ማፋጨት እርሱ ሲሄድ በዚያው ቃል ይደገማል። ፊተኛው ማስፈራሪያ ነበረ፤ ኋለኛው ልቅሶ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰማው ልጅ ነው፤ ማክስም በታንኳው ቆሞ እጁን ያውለበልብላቸዋል። መብላትም እንዲሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በታሪኩ ውስጥ ይመላለሳል። ልጁ እናቱን እበላሻለሁ ይላል፤ አውሬዎቹ ስለሚወዱት ሊበሉት ይፈልጋሉ፤ እናቲቱ ደግሞ ምንም ሳትናገር እራት ታስቀምጣለች። ፍቅርና መብላት አንድ ላይ መነገራቸው ለባዕድ ጆሮ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ የሚወደደውና የሚያሳዝነው ሁሉ «አንጀት ይበላል» በሚባልበት ቋንቋ ግን እንግዳ አይደለም። ሴንዳክ በአንድ ወቅት እንደ ተናገረው፥ ደብዳቤ ለጻፈለት አንድ ሕፃን የአውሬ ሥዕል ያለበት ካርድ ላከለት፤ ጥቂት ቈይቶም እናቲቱ ልጁ ካርዱን እጅግ ስለ ወደደው እንደ በላው ጻፈችለት። ደራሲው ከተቀበለው ምስጋና ሁሉ ይህን አብልጦ ያከብረው ነበር።

መጽሐፉ እንደ ወጣ ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ከመጀመሪያዎቹ ሒሶች አንዱ ሥዕሉን አመስግኖ ታሪኩን ግን ትርጕም የሌለውና ሕፃናትን የሚያስደነግጥ ብሎ ነቀፈው። የሆነ ሆኖ በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን ታላቁን የካልደኮት ሜዳልያ ተሸለመ። የበለጠ ክብደት ያለው ነቀፋ በ1969 ዓ.ም. ከብሩኖ ቤተልሃይም መጣ፤ እርሱም በሕፃናት የአእምሮ ጠባይ ጥናት በዘመኑ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ነቀፋው ስለ ጭራቆቹ ብቻ አልነበረም፤ ለሕፃን ምግብን ከሁሉ አስቀድማ የምትሰጥ እናት ምግቡን ከልክላ ብቻውን ወደ ክፍሉ የምትሰደው መሆንዋ ከጭራቅ ይልቅ ያስፈራል የሚል ነው። መጽሐፉን ሳያነብ ወላጆች በነገሩት ብቻ መፍረዱ ለሊቅ የማይገባ ነበር። አሳቡ ግን ከነቀፋዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው አውሬው ሳይሆን የተዘጋው በር መሆኑን አይቶአልና። ያላየው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እናት የከለከለችውን ምግብ ራስዋ መልሳ አኖረች፤ ያውም ልጁ ይቅርታ ሳይለምን።

በዚህ ላይ ነው ጥብቅ አሳዳጊዎች፥ በተለይም በትምህርተ ንስሓ የኖሩ መምህራን፥ የሚከራከሩት። ማክስ አጠፋሁ አላለም፤ ለበደሉም ካሣ አልከፈለም፤ ተመልሶ ትኩስ እራት አገኘ። የጠፋው ልጅ እንኳ በመንገድ ሳለ ለአባቱ የሚናገረውን ቃል አዘጋጅቶ ነበር፤ ይህኛው አንድም ቃል አላዘጋጀም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መጽሐፉን ከሆፍማን መጽሐፍ የሚለየውም ይኸው ነው። ነገር ግን የመጨረሻውን ሥዕል ያስተውሉአል። ማክስ ከመጀመሪያ ጀምሮ በራሱ ላይ የነበረውን የተኵላ ቆብ ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ ጠጕሩና ግንባሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ እንደ ደከመው ሰው ቆሞአል። ይህ ልጅ ነው፥ ተኵላ አይደለም። ደግሞም ማንም አላስገደደውም፤ በዚያ ስፍራ ንጉሥ ነበረ፥ ሊቀርም ይችል ነበር፤ ዘውዱን ትቶ የመጣው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰው ያለበትን ስለ ናፈቀ ነው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ አጠፋሁ የሚለውን ቃል በቀላሉ ይማራል፤ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይሰማው ይናገረዋል። ቆቡን ማውለቅ ግን ከዚያ ይከብዳል። ሴንዳክ ቃሉን ትቶ ምልክቱን መረጠ፤ ለሠዓሊም የሚገባው ይህ ነበር።

አሳታሚዎቹ በመጨረሻዋ ሐረግ «ትኩስ» የምትለውን ቃል «ለብ ያለ» ወደምትል እንዲለውጣት ጠይቀውት እንደ ነበር፥ ትኩስ ምግብ ልጅን ያቃጥላል ብለው እንደ ፈሩም ደራሲው ተናግሮአል። እንቢ ማለቱ ጥሩ ሆነ። ለብ ያለ ምግብ እናት እንደ ቈየች ያመለክታል፤ ትኩስ ምግብ ግን እናት አሁን እዚያ እንደ ነበረች ይነግራል።

በመጽሐፉ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጕድለት ሌላ ነው። እናቲቱ በአንድም ሥዕል አትታይም። ይህን እንደ ብልሃት የሚያመሰግኑ አሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ የገዛ እናቱን በዚያ ስፍራ ያኖራል ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቍጣዋ በቃል ስለ ተነገረ፥ ርኅራኄዋ ግን በሳሕን ብቻ ስለ ታየ፥ መጽሐፉን ለብቻው የሚያነብ ልጅ እራቱን ማን እንዳመጣው ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል። ሴንዳክ ራሱ ነገሩ ያልተፈጸመ መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም፤ በ1970 ዓ.ም. «በሌሊቱ ወጥ ቤት»፥ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ «በውጭ በዚያ ማዶ» የሚሉ መጻሕፍት አውጥቶ ከወላጅ ዐይን ርቆ በሌሊት የሚሆነውን ፍርሃት ደጋግሞ መርምሮታል። ኋለኛው የሚሰረቅ ሕፃን ያለበት ነው፤ የሊንድበርግ ልጅ ከ49 ዓመት በኋላ በዚያ ተመለሰ፤ በመጽሐፍም ቢሆን እኅቱ አድናው ወደ ቤት ገባ። በአሣሣል ረገድ ይህ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ሕፃናት ግን እንደ ፊተኛው አልወደዱትም፤ ባዶ እግር ያለው በሬ የለበትምና።

በ2009 ዓ.ም. ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራው ፊልም ብዙ አያናግርም። ስፓይክ ጆንዝ የተባለው አዘጋጅ ለአውሬዎቹ ስምና ጭቅጭቅ ሰጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ አስረዝሞታል፤ ሴንዳክ ወድዶታል፤ ይሁን እንጂ አውሬዎቹ ብዙ ከመናገራቸው የተነሣ የሚያዝኑ አዋቂዎች ሆነው ቀርተዋል። ሴንዳክ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሮ በ2012 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ መጽሐፍ ለልጅ የሚነበበው በጭን ላይ አስቀምጦ ነው እንጂ ከሩቅ ቆሞ አይደለም፤ የተሠራው ለሁለት ሰው ነውና። አንባቢው ሦስቱ ቃል የሌላቸው ገጾች ላይ ሲደርስ ብዙ ወላጆች ዝምታው ስለሚከብዳቸው ቶሎ ይገልጡታል፤ ወይም አውሬዎቹ የሚሠሩትን ማስረዳት ይጀምራሉ። በዚህ ስፍራ ዝም ማለትና ገጹን ልጁ እንዲገልጠው መተው ይሻላል። አንዳንዱ ልጅ ያገሣል፤ አንዳንዱ ጣቱን በአውሬው ጥርስ ላይ አኑሮ ፈጥኖ ያነሣል፥ ደግሞም ያኖራል፤ አንዳንዱም ማክስን ከአውሬዎቹ መካከል ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ገጹን አያስነካም።